ነዳጅን ለማቆምና ካርቦንን ከአየር ለማውጣት ማን ይክፈል? አምስት አማራጮች ሲመዘኑ

«የበከለ ይክፈል» በሚለው ሁሉም ይስማማል። ጠቡ የሚመጣው በካዩን ጠቁሙ ሲባል ነው። ቤንዚን የቀዳው ሾፌር ነው? ድፍድፉን ከመሬት ያወጣው ኩባንያ? ፈቃድ ሰጥቶ ግብር የሰበሰበው መንግሥት? ወይስ ከመቶ ዓመት በላይ በድንጋይ ከሰል የበለጸገው አገር? የተለያዩ አገሮች ሁሉንም መልሶች በየፊናቸው ሞክረዋቸዋል። አዲስ አበባ በ2027 32ኛውን የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ ስለምታስተናግድ ክርክሩ በአማርኛም መጧጧፉ አይቀርም። ከታች ያለው አቋም መያዝ፣ ሰነድ መገምገም ወይም ውል መፈረም ላለበት ሰው የተዘጋጀ ንጽጽር ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ካርቦን ስንልም ካርቦን ዳይኦክሳይድን ማለታችን ነው።

ሂሳቡ ሦስት ነው

ብዙው ክርክር መቋጫ የሚያጣው ሦስት የተለያዩ ሂሳቦች በአንድ ደረሰኝ ስለሚጻፉ ነው። አንደኛው የመተኪያ ሂሳብ ነው፦ የድንጋይ ከሰል ጣቢያን ዘግቶ በፀሐይ፣ በነፋስ ወይም በውኃ ኃይል መተካት፣ መስመር መዘርጋት፣ ሥራውን ያጣውን ማቋቋም። ሁለተኛው የማስወገጃ ነው፦ አሁንም የሚወጣውንና ቀድሞ አየር ላይ የተከማቸውን ካርቦን ለቅሞ ከመሬት በታች መቅበር። ሦስተኛው የማጽጃ ነው፦ የተተዉ የነዳጅ ጉድጓዶችን መድፈን፣ የተቆፈረ መሬትን መልሶ ማልማት።

የመተኪያው ገንዘብ ውሎ አድሮ ራሱን ይመልሳል፤ የተሠራው ጣቢያ ኤሌክትሪክ ይሸጣልና። ስለዚህ የዚህ ሂሳብ ዋና ጉዳይ ብድርና ወለድ ነው። የማስወገጃው ግን ለገበያ የሚወጣ ነገር አያመርትም። የተቀበረ ካርቦንን ፈልጎ የሚገዛ የለም፤ ሕግ ካላስገደደ ወይም መንግሥት ካልደጎመ ሥራው ይቆማል። ለአንደኛው ሂሳብ የሚመቸው ከፋይ ለሁለተኛው አይመችም። ከዚህ በታች ያለው ምዘና ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ልዩነት ነው።

ለማንኛውም ክርክር የሚያስፈልጉ ቁጥሮች

አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ይወጣል፤ ከናፍጣ 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ። አንድ በርሜል ድፍድፍ 0.43 ቶን ይሰጣል። ከድንጋይ ከሰል የሚመነጭ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ደግሞ 1 ኪሎ ግራም ያህል። እነዚህን የያዘ ሰው «በቶን 50 ዶላር» የሚል ሐሳብ ሲቀርብለት ወዲያው ሊመነዝረው ይችላል፦ በአንድ ሊትር ቤንዚን 11.5 የአሜሪካ ሳንቲም፣ በናፍጣ 13.5 ሳንቲም፣ በበርሜል 21.5 ዶላር፣ በከሰል ኤሌክትሪክ 5 ሳንቲም በኪሎ ዋት ሰዓት።

አንድ ቁም ነገር እዚህ ላይ ይታያል። አሥራ አንድ ሳንቲም አንድን የአውሮፓ ሾፌር ከመኪናው አያስወርደውም፤ አምስት ሳንቲም ግን የከሰል ጣቢያን ከገበያ ሊያስወጣ ይበቃል። የካርቦን ዋጋ ቀድሞ የሚጥለው ከሰልን ነው፣ የመኪና ነዳጅን ደግሞ በመጨረሻ። የሕዝብ ቁጣ የሚነሳው ግን በተቃራኒው ከማደያው ነው።

ማስወገጃውን በተመለከተ፦ ዓለም ከቅሪተ አካል ነዳጅ በዓመት ከ37 ቢሊዮን ቶን በላይ ካርቦን ይለቃል። በአየር ውስጥ ያለው መጠን ከፋብሪካ ዘመን በፊት ከነበረበት 280 ክፍል በሚሊዮን (ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውል 280ው ካርቦን ማለት ነው) ተነስቶ ከ420 አልፏል። አንዱን ክፍል በሚሊዮን ለመቀነስ ቢያንስ 7.8 ቢሊዮን ቶን ማውጣት ያስፈልጋል። በቶን 200 ዶላር እንኳ ቢሳካ ከ1.5 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ማለት ነው፤ የዛሬው ዋጋ ደግሞ ከዚያ ብዙ ይበልጣል። በአይስላንድ ሄሊሼይዲ ያለው ኦርካ የተባለው ጣቢያ በ2021 ሲከፈት በዓመት 4,000 ቶን፣ ተከታዩ ማሞዝ በ2024 ሲከፈት 36,000 ቶን እንዲለቅሙ የተሠሩ ናቸው፤ ሁለቱም ከዚያ አቅም በታች ነው የሠሩት። ከአየር አንድ ቶን ለመልቀም ሙቀትና ኤሌክትሪክ ተደምሮ 2,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ሽያጩም በብዙ መቶ ዶላር፣ አንዳንዴም ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። ስለዚህ «ለጊዜው እናቃጥል፣ በኋላ እንለቅማለን» የሚል ዕቅድ ያመጣ ሁሉ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት በኋላ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ነው።

አማራጭ አንድ፦ ተጠቃሚው በማደያውና በመብራት ሂሳቡ

በነዳጁ የካርቦን መጠን ልክ ግብር ይጣላል። ፊንላንድ በ1990፣ ስዊድን በ1991 ጀምረውታል፤ የስዊድን ታሪፍ ዛሬ በቶን ከ100 ዶላር በላይ ነው። አሰባሰቡ ርካሽ ነው። ግብሩ የሚያዘው በየማደያው ሳይሆን በጥቂት አስመጪዎችና ማጣሪያዎች በር ላይ ስለሆነ አዲስ መሥሪያ ቤት መክፈት እንኳ አያስፈልግም።

ይህ አማራጭ የሚወድቀው በገንዘቡ መጠን ሳይሆን በቅደም ተከተሉ ነው። ፈረንሳይ በቶን 44.6 ዩሮ የነበረውን ግብር በጥር 2019 ወደ 55 ልታሳድግ ስትል፣ በኅዳር 2018 ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች አደባባዮችን ዘጉ። በዚያው ዓመት የሀብት ግብሩ በአብዛኛው ተነስቶ ስለነበር፣ ባቡር በማይደርስበት ገጠር የሚኖረው ሠራተኛ የሀብታሙን ቅናሽ በናፍጣው የሚሸፍን መሰለው። ጭማሪው ተሰረዘ፤ ታሪፉም እዚያው 44.6 ላይ ቀረ። ናይጄሪያም ጥር 1 ቀን 2012 ድጎማውን በአንድ ሌሊት ስታነሳ የቤንዚን ሊትር ከ65 ናይራ ወደ 140 አካባቢ ዘለለ፤ ካሳው ግን በተስፋ ቀረ። አገር አቀፍ አድማ ተመታና መንግሥት በ97 ናይራ ተደራደረ። ኢራን በ2010 በተቃራኒው ሄደች፤ ዋጋው ሳይጨምር ከሳምንታት በፊት በነፍስ ወከፍ የተመደበ ገንዘብ በየቤተሰቡ የባንክ ሂሳብ ገብቶ፣ ዋጋው በጨመረበት ዕለት ማውጣት ተፈቀደ። ጭማሪው በጣም ከባድ ቢሆንም አገሩ አልታመሰም። ክፍያው ከኑሮ ውድነት ጋር እንዲያድግ ስላልተደረገ ግን በጥቂት ዓመታት ዋጋ አጣ።

ካናዳ ገንዘቡን መልሳም ተሸንፋለች። በ2019 በቶን 20 የካናዳ ዶላር የጀመረው ክፍያ በ2024 80 ደረሰ፤ በቤንዚን ሊትር 17.6 ሳንቲም መሆኑ ነው። አብዛኛው ገቢ በየሦስት ወሩ ለቤተሰቦች ይመለስ ነበር፤ በ2024 አራት ሰው ላለው ቤተሰብ በኦንታሪዮ 1,120፣ በአልበርታ 1,800 የካናዳ ዶላር በዓመት። በቶሮንቶ ወይም በካልጋሪ የሚኖር አንባቢ ገንዘቡ ደርሶት ይሆናል፤ ከካርቦን ግብር የመጣ መሆኑን ግን ላያውቅ ይችላል። ችግሩም ያ ነበር። ዋጋው በየቀኑ በማደያው ሰሌዳ ላይ ይነበባል፤ ተመላሹ ግን ግልጽ ባልሆነ ስም ዝም ብሎ ሂሳብ ውስጥ ይገባል። በሚያዝያ 2025 የሸማቹ ክፍያ ቀረ፤ የትልልቅ ፋብሪካዎቹ ግን ቀጠለ። ስዊዘርላንድ በማሞቂያ ነዳጅ ላይ በቶን 120 ፍራንክ ትጥላለች፣ ሁለት ሦስተኛውን ያህል ለነዋሪዎችና ለድርጅቶች ትመልሳለች፣ የነዋሪው ድርሻም ከጤና መድን ክፍያው ላይ ይቀነስለታል። ሥርዓቱ ለዓመታት ጸንቷል፤ የመኪና ነዳጅን አለመንካቷ ሳይረዳት አልቀረም።

ኢትዮጵያ በሐምሌ 2022 የጀመረችው ማሻሻያ የካርቦን ግብር ባይሆንም ሥራው ያው ነው፦ አጠቃላይ ድጎማው በደረጃ ሲነሳ፣ ለተመዘገበ የሕዝብ ማመላለሻ ብቻ በቴሌብር በኩል ቅናሽ ተሰጠ። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ለሁሉም የሚሰጥ የነዳጅ ድጎማ ብዙውን የሚጠቅመው ብዙ የሚቀዳውን ነውና። አደጋው ከዝርዝሩ ነው። የተመዘገበው መኪና በእርግጥ ሰው እንደሚያመላልስ ካልተጣራ፣ በቅናሽ የተቀዳው ናፍጣ በጀሪካን ይሸጣል፤ ተሳፋሪው ደግሞ ከታሪፍ በላይ ይከፍላል።

ለመተኪያው ሂሳብ ይህ አማራጭ ጥሩ መገፋፊያ ነው። ለማስወገጃው ግን ደካማ ነው፤ በቶን 50 ወይም 80 የሚከፍል ሰው በቶን ብዙ መቶ የሚያወጣ ሥራ እንዲጀመር አያደርግምና።

አማራጭ ሁለት፦ አውጪው ኩባንያ፣ ከእንግዲህ ለሚያወጣው

በእኛ ግምት ለማስወገጃው ሂሳብ ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው፤ በዜና ግን ብዙም አይነሳም። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የአየር ንብረት ተመራማሪው ማይልስ አለንና ባልደረቦቹ የሚያቀርቡት ሐሳብ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ዘይት፣ ጋዝ ወይም ከሰል የሚያወጣ ወይም የሚያስገባ ኩባንያ ከምርቱ ከሚወጣው ካርቦን የተወሰነ መቶኛ መልሶ እንዲቀብር ይገደዳል። መቶኛው በዝቅተኛ ይጀምርና በየጊዜው እያደገ 100 ይደርሳል። የቀበረበትን የምስክር ወረቀት ያላቀረበ አይሸጥም።

ወጪውን እንመንዝረው። አንድ ቶን መያዝና መቅበር 200 ዶላር ቢፈጅ፣ በ10 በመቶ ግዴታ በበርሜል 8.6 ዶላር፣ በቤንዚን ሊትር 4.6 ሳንቲም ይጨምራል። በ100 በመቶ ሲሆን በበርሜል 86 ዶላር፣ በሊትር 46 ሳንቲም። ኩባንያው ይህን ወደ ገዢው እንደሚያሻግረው ግልጽ ነው፤ «ኩባንያው ይከፍላል» ማለት ሸማቹ ነጻ ይወጣል ማለት አይደለም። ከግብር የሚለየው ግን ዋጋው የሚጨምረው የተቀበረው ካርቦን በጨመረ ልክ መሆኑ፣ ገንዘቡም በመንግሥት በጀት ሳያልፍ በቀጥታ ሥራው ላይ መዋሉ ነው። ርካሽ መተኪያ ያለው ገዢ ደግሞ ነዳጁን ይተዋል።

ቴክኒኩ ያልተሞከረ አይደለም። የኖርዌዩ ስላይፕነር የጋዝ ማውጫ ከ1996 ጀምሮ በዓመት እስከ 1 ሚሊዮን ቶን ያህል ከባሕር ወለል በታች ሲቀብር ኖሯል። ጋዙ 9 በመቶ ያህል ካርቦን ስለነበረበት ለሽያጭ ወደ 2.5 በመቶ መውረድ ነበረበት፤ የተለየውን ካርቦን ወደ አየር መልቀቅ ደግሞ በ1991 በወጣው የባሕር ላይ የካርቦን ግብር ምክንያት ከመቅበር ይልቅ ውድ ሆነ። በአይስላንድ ካርብፊክስ የተባለው ኩባንያ ካርቦኑን በውኃ አሟሙቶ ባዛልት በተባለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ያስገባል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ አብዛኛው ወደ ድንጋይነት ይለወጣል። የስምጥ ሸለቆን የእሳተ ገሞራ ድንጋይና የከርሰ ምድር እንፋሎት የሚያውቅ አንባቢ ይህ ለምን እንደሚመለከተው አይጠፋውም፤ ኬንያ ውስጥ በዚሁ ሐሳብ የተነሳ ኩባንያ አለ።

የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ባጸደቀው የዜሮ ልቀት ኢንዱስትሪ ሕግ የነዳጅና የጋዝ አምራቾች እስከ 2030 በዓመት 50 ሚሊዮን ቶን የሚቀበርበት ቦታ እንዲያዘጋጁ ግዴታ ጥሏል፤ ድርሻቸው ከ2020 እስከ 2023 ባወጡት መጠን ይሰላል። ልብ ማለት የሚያስፈልገው ሕጉ መጋዘን ሥሩ ይላል እንጂ ሙሉት አይልም። ካርቦኑን የመያዝ ወጪ አሁንም የሲሚንቶና የብረት ፋብሪካው ነው። ግማሽ ግዴታ ነው ማለት ይቻላል።

ግዴታው የሚበላሽበትን ለማየት አውስትራሊያ ጎርጎን መሄድ ነው። የጋዝ ፕሮጀክቱ ሲፈቀድለት ከጋዙ ጋር ከሚወጣው ካርቦን 80 በመቶውን እንዲቀብር ነበር። ጋዙ በ2016 መሸጥ ሲጀምር መቅበሩ የተጀመረው በ2019 ነው። የከርሰ ምድሩን ግፊት ለመቀነስ ውኃ የሚያወጣው ሥርዓት በአሸዋ እየተደፈነ አስቸገረ፤ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ጉድለቱ ከ5 ሚሊዮን ቶን በላይ ሆነና ኩባንያው በሌላ ቦታ የተገኘ የካርቦን ምስክር ወረቀት ገዝቶ ሸፈነው። ሽያጩ ግን በዚህ ምክንያት አልቆመም። ግዴታው ከሽያጭ ፈቃድ ጋር ካልታሰረ ቅጣት በሒሳብ መዝገብ የሚመዘገብ ተራ ወጪ ይሆናል።

ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ሕግ ረቂቅ ሲቀርብ የሚታዩት አንቀጾች እነዚህ ናቸው። የሚቆጠረው የተያዘው ሳይሆን ጉድጓድ ውስጥ የገባውና የተለካው ቶን ነው? ካርቦኑን ወደ ዘይት ማውጫ አስገብቶ ተጨማሪ ዘይት መግፋት እንደ መቅበር ይቆጠራል? (መቆጠር የለበትም፤ ቢቆጠርም የወጣው ዘይት ልቀት መቀነስ አለበት።) ቅጣቱ ከመቅበሪያው ዋጋ ይበልጣል? ከውጭ የሚገባውም ነዳጅ እኩል ይያዛል? ጉድጓዱ ከተዘጋ በኋላ ለሚያፈስሰው ለስንት ዓመት ማን ይጠየቃል? ከሁሉም በላይ ገንዘቡ አስቀድሞ ተይዟል?

የመጨረሻው ጥያቄ ለምን ከሁሉም እንደሚቀድም የማጽጃው ሂሳብ ያስረዳል። በአሜሪካ በፌዴራል መሬት ላይ ነዳጅ የሚያወጣ ኩባንያ ለአንድ የኪራይ ይዞታ የሚያስይዘው ዋስትና ከ1960 ጀምሮ 10,000 ዶላር ነበር፤ ወደ 150,000 ያደገው በ2024 ነው። አንድ ጉድጓድ መድፈን ብቻውን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር፣ አንዳንዴም ከ100,000 ዶላር በላይ ይፈጃል። ትልቁ ኩባንያ ምርቱ ሲቀንስ ጉድጓዱን ለትንሽ ኩባንያ ይሸጣል፣ ትንሹ ይከስራል፣ ጉድጓዱ ባለቤት አልባ ይሆናል። በ2021 የአሜሪካ ምክር ቤት ለእነዚህ መድፈኛ 4.7 ቢሊዮን ዶላር ከግብር ከፋዩ መደበ። ዘይት እየተሸጠ ሳለ ያልተያዘ ገንዘብ ዘይቱ ካለቀ በኋላ አይገኝም።

አማራጭ ሦስት፦ አውጪው፣ ስላለፈው

ሪቻርድ ሂዲ ያሳተመው ጥናት ከ1751 እስከ 2010 ከወጣው የኢንዱስትሪ ካርቦንና ሚቴን 63 በመቶው ወደ 90 አምራቾች እንደሚመለስ አሳይቷል። ቬርሞንት በግንቦት 2024፣ ኒው ዮርክ በታኅሣሥ 2024 ይህን ዓይነት ስሌት ሕግ አደረጉት። የኒው ዮርኩ ከ1 ቢሊዮን ቶን በላይ ልቀት ያለባቸውን ኩባንያዎች በ25 ዓመት 75 ቢሊዮን ዶላር ያስከፍላል፤ በዓመት 3 ቢሊዮን። የሚከፈለው ስላለፈው ምርት ስለሆነ ኩባንያው ዛሬ በሚሸጠው ሊትር ላይ ለመጫን ይቸገራል፤ ክፍያ ያልተጣለበት ተፎካካሪው በርካሽ ይሸጣልና። ለሸማቹ ከአማራጭ ሁለት የሚሻለው እዚህ ላይ ነው።

ሁለት ድክመት አለው። አንደኛው ፍርድ ቤት ነው፦ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በግንቦት 2025 ሁለቱንም ክፍለ አገሮች ከሰሰ፤ እንዲህ ያለ ክርክር ዓመታት ይወስዳል። ሁለተኛው፣ ከ90ዎቹ መካከል እንደ ሳዑዲ አራምኮና የኢራን ብሔራዊ ነዳጅ ኩባንያ ያሉ የመንግሥት ድርጅቶች ናቸው፤ የአንድ ክፍለ አገር ሕግ እነሱ ጋ አይደርስም። ሐሳቡ የተቀዳበት የ1980ው የአሜሪካ የመርዛማ ቆሻሻ ማጽጃ ሕግም ትምህርት አለው። ፈንዱን የሚሞላው የነዳጅና የኬሚካል ግብር በ1995 ሲያበቃ ምክር ቤቱ ስላላደሰው፣ ጽዳቱ ቀስ በቀስ በግብር ከፋዩ ላይ ወደቀ፤ ግብሩ የተመለሰው ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በዚህ መንገድ የሚሰበሰብ ገንዘብ ለጎርፍ መከላከያና ለመንገድ ጥገና ይሆናል። በየዓመቱ ያለማቋረጥ መከፈል ለሚኖርበት ማስወገጃ ግን እምነት የሚጣልበት አይደለም።

አማራጭ አራት፦ የመንግሥት ካዝና

ፈጣኑ ይህ ነው፤ ውዱም ይህ ነው። ኖርዌይ ካርቦን ይዞ ለሚቀብረው ሎንግሺፕ ለተባለው ፕሮጀክት ወጪውን ሁለት ሦስተኛ ያህል ሸፈነች፤ በ2025 የብሬቪክ ሲሚንቶ ፋብሪካ በዓመት 400,000 ቶን መያዝ ጀመረ፣ በመርከብ ተጭኖም ከሰሜን ባሕር ወለል በታች ይቀበራል። ሲሚንቶ ከኖራ ድንጋዩ ራሱ ካርቦን ስለሚለቅ በፀሐይ ኃይል ብቻ አይጸዳም፤ የሕዝብ ገንዘብ ለጀማሪ ፕሮጀክት የሚወጣ ከሆነ እዚህ ላይ ቢወጣ ያስኬዳል።

አሜሪካ ደግሞ በግብር ቅናሽ ትከፍላለች፦ በ2022 ሕግ ከፋብሪካ ተይዞ ለተቀበረ ቶን 85 ዶላር፣ ከአየር ተለቅሞ ለተቀበረ 180 ዶላር። በ2025 ዘይት ለመግፋት የሚውለውም እኩል እንዲከፈለው ተደረገ። ስለዚህ ግብር ከፋዩ ለካርቦን ማስወገጃ ብሎ የሚከፍለው ተጨማሪ ዘይት ያወጣል። ቁጥጥሩም ሲላላ ታይቷል፤ በ2020 የግብር ተቆጣጣሪው ወደ 900 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ቅናሽ የክትትል ደንቡን ሳያሟላ እንደተጠየቀ ደርሶበታል። በቴክሳስ የከሰል ጣቢያ ላይ የተገጠመው ፔትራ ኖቫም ካርቦኑ የሚፈለገው ዘይት ለመግፋት ስለነበር የዘይት ዋጋ በ2020 ሲወድቅ ቆመ፤ እስከ 2023ም አልተነሳም።

ጀርመን ለከሰል መዝጊያ ያወጣችው ሁለት መልክ አለው። ለቡናማ ከሰል በድርድር ለኃይል ኩባንያዎቹ ለአርደብሊውኢ 2.6 ቢሊዮን፣ ለሌአግ እስከ 1.75 ቢሊዮን ዩሮ ካሳ፤ ለከሰል አውራጃዎችም እስከ 40 ቢሊዮን። ለጥቁር ከሰል ግን ጨረታ አወጣች፦ ጣቢያውን ለመዝጋት አነስተኛ ካሳ የጠየቀ ያሸንፋል፣ የካሳው ጣሪያ በየዙሩ ይወርዳል፣ በመጨረሻ የቆየው ያለ ካሳ በትእዛዝ ይዘጋል። በመጀመሪያው ዙር 4.8 ጊጋ ዋት በአማካይ በሜጋ ዋት 66,000 ዩሮ ገደማ ተዘጋ፤ በ2015 ሥራ የጀመረው የሐምቡርጉ ሞርቡርግ ጣቢያ ሳይቀር ተወዳድሮ ወጣ። ሁለቱን ስናስተያይ ጨረታው በግልጽ ይበልጣል። በድርድር ኩባንያው ስለ ኪሳራው ከመንግሥት የተሻለ መረጃ ይዞ ይቀመጣል፤ በጨረታ ግን መረጃውን ራሱ ያወጣዋል።

አማራጭ አምስት፦ የበለጸጉ አገሮች

ከቅሪተ አካል ነዳጅ እስካሁን ከወጣው ካርቦን ሩቡ ያህል የአሜሪካ ነው፤ የመላው አፍሪካ ድርሻ 3 በመቶ ገደማ ነው። አንድ አሜሪካዊ በዓመት 14 ቶን ያህል ሲለቅ አንድ ኢትዮጵያዊ ከነዳጅ የሚለቀው ከ0.2 ቶን በታች ነው። በፍትሕ ሚዛን ክርክሩ እዚህ ያበቃል። በአፈጻጸም ግን ከአምስቱ ሁሉ ደካማው ይህ ነው።

ኢኳዶር በ2007 በያሱኒ ደን ሥር ያለውን ዘይት ላለማውጣት ዓለም 3.6 ቢሊዮን ዶላር እንዲያዋጣላት ጠየቀች። እስከ 2013 በእጅ የገባው 13 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ ቁፋሮው ተፈቀደ። ኋላ በ2023 እንዲቆም የወሰነው የራሱ የኢኳዶር ሕዝብ ድምፅ ነው። ደቡብ አፍሪካ በ2021 ከከሰል እንድትወጣ 8.5 ቢሊዮን ዶላር ቃል ተገባላት፤ ነጻ ዕርዳታው 4 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆን ሌላው በአብዛኛው ብድር ነው። አሜሪካ በ2025 ከስምምነቱ ወጣች። የኮማቲ የከሰል ጣቢያ በጥቅምት 2022 ሲዘጋ በምትኩ የታቀደው ሥራ ገና አልተዘረጋም ነበርና የአካባቢው ሰው ከምሬት ጋር ቀረ። በባኩ በ2024ቱ የአየር ንብረት ጉባኤ የተወሰነው በዓመት 300 ቢሊዮን ዶላርም የጊዜ ገደቡ 2035 ነው፤ የግል ገንዘብና ብድርም ይቆጠርበታል።

ብድር ነው ሲባል ወለዱን መጠየቅ ግድ ነው። 100 ሚሊዮን ዶላር በ20 ዓመት የሚመለስ ብድር በ4 በመቶ ወለድ በዓመት 7.4 ሚሊዮን ያስከፍላል፤ በ12 በመቶ 13.4 ሚሊዮን። ፀሐዩ አንድ፣ ፓነሉ አንድ፣ ልዩነቱ አበዳሪው ለአገሩ የሰጠው የአደጋ ግምት ነው። በዚህ ላይ ገቢው በብር፣ ዕዳው በዶላር ሲሆን ሌላ ሸክም ይመጣል፤ በሐምሌ 2024 ምንዛሪው ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል፤ በዶላር የተፈረመ የኃይል ውል ያለበት ተቋም ዕዳው በብር ሲሰላ በአንድ ክረምት እጥፍ ሊሆን ተቃረበ። ስለዚህ ከአዲስ አበባው ጉባኤ በፊት የአፍሪካ ተደራዳሪ ከጠቅላላው ቢሊዮን ይልቅ ሦስት ነገር ቢያስከብር ይሻላል፦ የዕርዳታው ድርሻ በመቶኛ ይጻፍ፣ ወለዱ በጣሪያ ይወሰን፣ የምንዛሪውን አደጋ አበዳሪው ይሸከም።

የትኛው ለየትኛው

መተኪያው በበለጸገ አገር ከሆነ የካርቦን ዋጋ ከተመላሽ ጋር፣ ለከሰል መዝጊያ ደግሞ እየወረደ የሚሄድ ጨረታ። ተመላሹ ከጭማሪው ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ፣ በሚታወቅ ስም፣ ለሰው እንጂ ለመኪና ሳይሆን ይከፈል። መተኪያው ነዳጅ ከውጭ በሚያስገባ ደሃ አገር ከሆነ ዋናው መሣሪያ ርካሽ ብድር ነው፤ ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስትከለክል የውጭ ምንዛሪ እያሰላች ነው፤ የክልከላው ወጪ ግን ያረፈው በመኪና ገዢው ላይ ነው፣ የመሙያ ጣቢያና መለዋወጫ ደግሞ ከአዲስ አበባ ውጭ ገና ነው።

ለማስወገጃው የአውጪው ግዴታ ይቅደም፤ የሕዝብ ገንዘብ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጣቢያዎችና ለሲሚንቶ ዓይነት ሥራዎች ብቻ፣ በተወሰነ ዓመት የሚያበቃ ይሁን። አስቀድሞ አየር ላይ ያለው ካርቦን ግን የሞቱ ኩባንያዎችና ያለፉ ትውልዶች ነው፤ እሱን ከበለጸጉ አገሮች በጀት በቀር የሚሸከም የለም።

የደን ካርቦን ውል ለሚቀርብለት ማኅበር

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ክርክር በአካል የሚያገኘው ብዙ ጊዜ በደን ውል ነው። በወላይታ ሁምቦ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ተከልሎ ከጉቶው እንዲያገግም ተደርጎ፣ የዓለም ባንክ የባዮካርቦን ፈንድ የካርቦን ምስክር ወረቀቱን ገዝቷል። ለመሬቱም ለማኅበራቱም በጎ ነው። ነገር ግን ዛፍ ይቃጠላል፣ ይቆረጣል፣ በድርቅ ይሞታል፤ ከመሬት የወጣ ዘይት የለቀቀው ካርቦን ደግሞ ለብዙ መቶ ዓመታት አየር ላይ ይቆያል። ስለዚህ የውጭ ኩባንያ የደኑን ቶን ገዝቶ የራሱን ዘይት «አጸዳሁ» የሚል ከሆነ የሚሸጥለት ነገር ከሚከፍለው ዋጋ በላይ ነው።

ውሉ ሲመጣ መጀመሪያ የቶኑ ዋጋ ለስንት ዓመት እንደታሰረ ይታይ፤ ለ30 ዓመት በአንድ ዋጋ የታሰረ ውል ገበያው ሲያድግ ትርፉን ለደላላው ይሰጣል። ቀጥሎ፣ ከሽያጩ ስንት በመቶው ለማኅበሩ፣ ስንቱ ለአረጋጋጭና ለአማካሪ እንደሚሄድ በቁጥር ይጻፍ። የመጀመሪያው ክፍያ እስኪመጣ ለጥበቃ ሠራተኛው ደመወዝ ማን እንደሚከፍል ይለይ፤ ልኬትና ማረጋገጫ ዓመታት ሊወስድ ይችላልና። ግጦሽና ማገዶ ለሚከለከለው ቤተሰብ ምትኩ ምንድን ነው የሚለው ካልተመለሰ ደኑ በሌሊት መቆረጡ አይቀርም። እሳት ቢነሳ የጠፋው ቶን ከመጠባበቂያ ቋት ይሸፈናል ወይስ ከማኅበሩ ቀጣይ ክፍያ ይቀነሳል? ብዙውን ጊዜ ይህ አንቀጽ በአባሪ ውስጥ በእንግሊዝኛ ነው የሚገኘው፤ ከመፈረም በፊት በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ ተጽፎ በጠቅላላ ጉባኤ ይነበብ፣ ቃለ ጉባኤም ይያዝበት።